ስሊቭ ልሠራ ነው፣ ከዛ በፊትና በኋላ ምን ላስብ? ጾሙስ?

ሳራ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጭንቅ ብሎኝ ነው የምጽፈው። 36 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1.63 ኪሎዬ 112፣ ስኳር አለብኝ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቃሩ አያስተኛኝም ትራስ ደራርቤ ነው የማድረው። ዶክተሬ የጨጓራ ማሳነሻ ስሊቭ የሚባለውን ብትሠሪ ጥሩ ነው ብላኛለች፣ ኢንሹራንሱም ይሸፍናል ተብያለሁ፣ ከገና በኋላ ቀጠሮ ሊሰጡኝ ነው። እኔን ግን ከኦፕራሲዮኑ በላይ ያስፈራኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ይገባል፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ፈትቼ አላውቅም፣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ያለው በሙሉ እርጎ እንቁላል ዶሮ ቺዝ ነው። እንጀራስ ይበላል? ልጅም እንፈልጋለን ከባለቤቴ ጋር። እማዬ በስልክ "ጤነኛ ሆድሽን አታስቀጂ" እያለች ታለቅሳለች። የተሠራችሁ ካላችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከመግባቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ሳራዬ አይዞሽ። እኔ ባይፓስ ነው የተሠራሁት (ጨጓራውን አሳንሰው በአቋራጭ ከታችኛው አንጀት ጋር የሚያገናኙበት ነው)፣ ስሊቭ ሊሠሩኝ ነበር ግን እንዳንቺ ቃር ስለነበረብኝ በኢንዶስኮፒ፣ ማለት በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ጨጓራዬን አይተው ቀየሩልኝ። አንቺም መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄን ነው። ስሊቭ ማለት ከጨጓራሽ 80 ፐርሰንት ገደማውን ቆርጠው ያወጡታል፣ የቀረው እንደ ቱቦ ቀጭን ይሆናል፣ ያ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ ቃርን ያብሳል፣ ተሠርተው በቃሩ ምክንያት ተመልሰው ወደ ባይፓስ የሚገቡ አሉ። የተቆረጠው አይመለስምና ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ። ኢንዶስኮፒ ይደረግልኝ በይ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያም ያዩልሽ፣ እኛ አገር ያደገ ሰው ብዙው አለበት ካለ ቀድሞ ይታከማል። ባይፓስም የራሱ ጣጣ አለው፣ ኬክ ወይ ለስላሳ ከወሰድኩ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ተቅማጥ። ራስ ምታት ሲይዘኝም አይቡፕሮፌን አልነካም ጨጓራ ያቆስላል፣ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) ብቻ ነው የምወስደው።

እንጀራን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ከዛ የተፈጨ፣ ከዛ ለስላሳ ምግብ፣ እንጀራው የመጨረሻው ላይ ነው የሚመጣው። ሲመጣም እኔን ከዳቦ ያልተናነሰ ከበደኝ ጉሮሮዬ ስር ቁጭ ይላል። አሁን ወጡን በማንኪያ በልቼ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቁራሽ እነካለሁ። ምግቡ ላይ ውሃ የለም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ነው የምትጠጪው።

ነርስ_ነኝ፦
የላይኛዋ እህታችን ጥሩ ነግራሻለች። እኔ እነዚህ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል ነው የምሠራው፣ ያንቺን ሐኪም አልተካም ግን የማየውን ልንገርሽ።

ከበፊቱ ልጀምር። ቢኤምአይሽ (ኪሎሽ ከቁመትሽ ጋር ሲመዛዘን የሚወጣው ቁጥር) 42 አካባቢ ነው ስኳርም አለሽ ስለዚህ መስፈርቱን ታሟያለሽ (ከ2022 ጀምሮ የቀዶ ሐኪሞቹ ማህበራት 35 ከሆነ ሌላ በሽታ ባይኖርም ይቻላል ብለዋል)። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ዳይት ያስይዙሻል፣ ብዙ ሰው ለምን እንደሆነ ስለማይገባው ያጭበረብራል፣ ምክንያቱ ጉበት ነው፣ ስብ የያዘ ትልቅ ጉበት ጨጓራው ላይ ስለሚተኛ ሐኪሙ እንዳይቸገር እንዲቀንስ ነው። የምታንኮራፊ ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ይደረግልሽ፣ ማደንዘዣው ላይ ወሳኝ ነው። ሜትፎርሚንሽ ቀስ እያለ የሚሟሟው ዓይነት ከሆነም ንገሪያቸው፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሊለውጡልሽ ይችላሉ። ስኳሩ ኪሎው ሳይቀንስ ገና በቀናት ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል ኢንሱሊን የሚወስድ ሰውማ ዶዙ ካልተስተካከለለት ስኳሩ ከመጠን በላይ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

ከወጣሽ በኋላ፦ ልብሽ እረፍት ላይ ሆነሽ ሲሮጥ፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ህመም ወይ ግራ ትከሻሽ ላይ የሚሰማ ህመም ካለ የተሰፋው አፍስሶ ሊሆን ይችላል፣ አንድ እግር ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ነገ እደውላለሁ የሚባል ነገር የለም ያኔውኑ ኢመርጀንሲ። ሌላው ሰው የማያውቀው ትውከት ነው። ቀናት በተከታታይ ካስታወከሽ ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፣ ሚዛን ያስታል ዓይን ያደበዝዛል አእምሮን ይጎዳል፣ ሆስፒታል ስትሄጂ "የጨጓራ ኦፕራሲዮን አለኝ፣ ግሉኮስ ከመስጠታችሁ በፊት ቢ1 ስጡኝ" በይ። ኪሎ ቶሎ ሲወርድ የሐሞት ጠጠርም ይመጣል፣ መከላከያ ክኒን ለስድስት ወር የሚያዙ አሉ ጠይቂ።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ዲ፣ አይረን፣ ካልሲየም ሲትሬት። አይረኑንና ካልሲየሙን አብረሽ አትዋጪ በሁለት ሰዓት አራርቂ፣ አይረን ወስደሽ ወዲያው ቡና ሻይም አይሆንም። ሦስተኛው አራተኛው ወር ላይ ጸጉርሽ መነቃቀል ሲጀምር እንዳትደነግጪ፣ ፕሮቲንና አይረንሽ ከተሟላ ይመለሳል።

ልጅን በተመለከተ ከ12 እስከ 18 ወር ጠብቁ ነው የሚባለው። ግን ልብ በይ ኪሎ ሲወርድ ወር አበባ ይስተካከላል፣ አይመጣም ብለው ተዘናግተው በሦስተኛው ወር ያረገዙ ሴቶች አይቻለሁ። ክኒን ደግሞ በተለይ ባይፓስ ላይ በደንብ ላይሠራ ይችላል፣ ሉፕ ወይ ክንድ ላይ የሚቀበረው ይሻላል፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እመ_ቤዛ፦
ልጄ ስለ ጾሙ እኔ ልመልስልሽ፣ እኔም በዛው ዓመት ሁዳዴ ነበር የደረሰብኝ። ብቻሽን አትወስኚ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። የእኔ አባት ወረቀቱን ሙሉውን አስነበቡኝና "በሽተኛ ነሽ፣ የታዘዘልሽን ብዪ፣ ጸሎትሽን ጨምሪ የተራበ አብዪ" አሉኝ፣ ልቤ ያረፈው ያኔ ነው። ብዙ ሰው ሥጋና ወተቱን ብቻ ነው የሚያስበው፣ የሚከብደው ግን ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ መዋል አዲስ ለተሠራ ሰው አይሆንም፣ ያ ጨጓራ በአንዴ ስለማይቀበል ቀኑን ሙሉ ጉንጭ ጉንጭ እያልሽ ነው አንድ ሊትር ተኩል የምትሞይው።

በሚቀጥለው ዓመት ጾምኩ፣ ሰዓቱን ሳልይዝ ማለት ነው። ዳይቲሺያኗ (የአመጋገብ ባለሙያዋ) በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን አለችኝ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ነው፣ እኔ ግን ኩባያ ሙሉ ምስር የት ይገባልኛል ግማሹም ብርቅ ነው። ስለዚህ ከአተር የሚሠራውን የፕሮቲን ዱቄት በአኩሪ አተር ወተት እየበጠበጥኩ፣ ቶፉውን በቃሪያና በሽንኩርት እንደ ጥብስ እያደረግኩ፣ ሽሮውን ወፈር አድርጌ ዘይቱን ቀንሼ በማንኪያ። ቢ12ን በጾም ምግብ አታገኚውምና አትርሺው።

ዳኒ_አትላንታ፦
እኔ ስሊቭ ነኝ፣ በጣም ደስተኛ ነኝ ግፊት መድኃኒት አቁሜያለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰብሽን ቀድመሽ አዘጋጂ። ሰርግ ላይ ለቅሶ ላይ "በሞቴ" ተብሎ የሚመጣ ጉርሻ አለ፣ የእኛ ሰው ደግሞ በፍቅር ነው የሚያጎርሰው እምቢ ስትዪ ይከፋዋል፣ እሺ ብለሽ ከዋጥሽ ደግሞ ሽንት ቤት ሮጠሽ ታስታውኪያለሽ። እኔ እናቴን ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ነው ዳይቲሺያኗ በአስተርጓሚ ያስረዳቻት፣ ከዛ በኋላ እሷ ራሷ ጠባቂዬ ሆነች። መጠጥም ቶሎ ነው ጭንቅላት ላይ የሚወጣው፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጥቼ መኪና እነዳለሁ የሚባል ነገር ቀረ። ጭንቀት ሲኖርብሽ የምትበዪ ከሆነ ደግሞ እሱን ከአሁኑ ከቴራፒስት ጋር ያዢው፣ ቺፕሱና ለስላሳው በትንሹ በትንሹ ሲገባ ጨጓራው አይከለክልም፣ ኪሎው የሚመለስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ነው።

ሊያ_ዱባይ፦
ላቋርጣችሁ፣ እኔ ቱርክ ሄጄ ልሠራው ነው በጣም ርካሽ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

ነርስ_ነኝ፦
ሊያ ከዋጋው በፊት ስትመለሺ ማን ነው የሚከታተልሽ የሚለውን መልሺ። ማፍሰሱ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላም ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ አንቺ ቤትሽ ነሽ። ዱባይ የሚቀበልሽ ሐኪም ቀድመሽ ያዢ፣ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት በጽሑፍ ተቀበያቸው፣ ወዲያው አውሮፕላን ላይ አትውጪ ለደም መርጋት ጥሩ አይደለም። ደም ምርመራውም በየጊዜው ነው በዓመት ቢያንስ አንዴ።

ሳራ_ሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ኢንዶስኮፒውን ዛሬ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ውጤቱን አይተን ስሊቭ ወይ ባይፓስ እንወስናለን አሉኝ። እማዬንም በቪዲዮ ቀጠሮው ላይ ላስገባት ነው። እመ ቤዛ ያ የአተር ፕሮቲን ጣዕሙ እንዴት ነው፣ ይጠጣል?

እመ_ቤዛ፦
ቫኒላውን አትግዢ አፈር አፈር ይላል። ቸኮሌቱን ግዢና ቀዝቃዛ አድርገሽ ጠጪው፣ ትንሽ ቀረፋ ጣል አድርጊበት። ደግሞ ትንሹን መጠን ግዢ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ምላስ ይለወጣል ዛሬ የወደድሽውን ያኔ ላትወጂው ትችያለሽ።