ስፓም በደንብ የሚያጣራ ነፃ ኢሜይል የቱ ነው? የማር ገዢ ደብዳቤ አመለጠን

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ከረማችሁ። የአንድ ንብ አናቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበሩ ኢሜይል ካወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። አድራሻው በማር ማሸጊያችን ላይ ታትሟል፣ በየባዛሩ መዝገብ ላይ ተጽፏል፣ ስንት ሰው እጅ እንደገባ አናውቅም። አሁን ጠዋት ስከፍተው ሎተሪ ደርሷችኋል፣ ያልታወቀ ውርስ አለ፣ ፓስወርዳችሁ ዛሬ ይዘጋል የሚል ሠላሳ አርባ መልዕክት ይጠብቀኛል።

እሱን እየሰረዝኩ እኖር ነበር። ያንገበገበኝ ሌላው ነው። በኅዳር የአደይ አበባውን ማር ቆርጠን እንደጨረስን አንድ የውጭ ገዢ ናሙና ላኩልኝ ብሎ ጽፎልን ኖሯል። ደብዳቤው ስፓም (የቆሻሻ መልዕክት ሳጥን) ውስጥ ገብቶ ቀረ። ያገኘሁት በጥር ወር፣ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። መልስ ስጽፍለት ከሌላ ቦታ ገዝቻለሁ አለኝ። ስንት አባወራ የደከመበት ማር ነው፤ ለአባላቱ ስነግራቸው ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዲህ ቆሻሻው ይገባል፣ ደህናው ይጣላል። ነፃ የሆነ፣ በስልክ የሚሠራ፣ ማጣሪያው የሚታመን የትኛው ነው? የሚከፈልበትን ጉባኤው አይፈቅድልኝም። እኛ ዘንድ ኔትወርክ አንዴ ከጠፋ ለረጅም ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችልም አስቡልኝ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እህት ዓለም፣ የደረሰባችሁ ነገር አሳዘነኝ። ስልክና ኮምፒውተር ጥገና ላይ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ የምሰጠው መልስ ጂሜል ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ማጣሪያው የሚማረው ከሰው እጅ ነው። አንድ ሰው «ስፓም ነው» ብሎ በተጫነ ቁጥር ላኪው፣ አጻጻፉና በውስጡ ያለው ሊንክ ለማጣሪያው ትምህርት ይሆነዋል። ብዙ ተጠቃሚ ያለው አገልግሎት ብዙ አስተማሪ አለው ማለት ነው። ጉግል ራሱ ስፓምን፣ አታላይ ደብዳቤንና ቫይረስን ከ99.9 በመቶ በላይ እንደሚያግድ ይናገራል። የባለቤቱ ቃል ስለሆነ እንደ ባለቤት ቃል ያዢው፤ ቢሆንም ለደንበኞቼ ስከፍትላቸው የማየው ደስ የሚያሰኝ ነው። ደግሞ በፈረንጆቹ 2024 ጂሜልና ያሁ በጅምላ የሚልኩትን ጠበቅ አድርገው ያዟቸው። ጂሜል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ደብዳቤ የሚልክ ድርጅት ደብዳቤው በእውነት ከራሱ መምጣቱን በቴክኒክ ፊርማ እንዲያረጋግጥ፣ ተቀባዩም በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ያስገድዳል።

ሁለተኛ የማስቀምጠው አውትሉክን ነው፤ ድሮ ሆትሜይል ይባል የነበረው። ዎርድና ኤክሴል ለሚያዘወትር ይመቻል። ሁለቱም 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ። የጂሜሉ 15 ግን ደብዳቤው፣ ድራይቩ (የጉግል ፋይል ማስቀመጫ) እና ፎቶው የሚካፈሉት ነው። እዚህ ላይ አደራ! የቀፎና የማር ፎቶ ከስልክሽ በራሱ እየተጫነ ቦታው ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ መግባቱን ያቆማል፤ ገዢው የላከው ተመልሶ ይሄድበታል። በማኅበሩ አካውንት ላይ የፎቶ ባክአፑን ዝጊው።

አሁን ወደ ቁስልሽ ልምጣ። የቱንም ብትመርጪ አልፎ አልፎ ደህና ደብዳቤ ስፓም ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ጂሜል ደግሞ ስፓም ውስጥ የገባውን በ30 ቀን ራሱ ይሰርዛል። የኅዳሩ ደብዳቤ የገባው ጂሜል ላይ ቢሆን ኖሮ በጥር ጭራሽ አታገኚውም ነበር። በመፈለጊያው ብትፈልጊም ስፓም ሳጥኑን ካልጨመርሽለት በቀር እዚያ ያለውን አያሳይሽም። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጊ። የምታውቂያቸውን ገዢዎች ሁሉ ኮንታክት ውስጥ መዝግቢ። ስፓም ሳጥኑን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን በየቀኑ እይው፤ ደህና ደብዳቤ ካገኘሽ «ስፓም አይደለም» የሚለውን ተጫኚ፣ ማሽኑ ይማርበታል። ሦስተኛው የምወደው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ሃኒ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወይም የማኅበሩን ስም የያዘ ደብዳቤ ፈጽሞ ወደ ስፓም እንዳይሄድ ፊልተር ሥሪለት። ይህን የስልኩ መተግበሪያ አያደርገውም፤ በኮምፒውተር ወይም በስልኩ ብራውዘር የኮምፒውተሩን ገጽ ከፍተሽ ነው።

መልስ፣ ከዳንግላ

ሁሉ ሰው ጂሜል ሲል እኔ ፕሮቶን ሜይል እላለሁ። ስዊዘርላንድ ያለ ነው፣ ከ2014 ጀምሮ ይሠራል። ማስታወቂያ የለውም፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ደብዳቤ ድርጅቱ ራሱ እንዳያነበው ተደርጎ ይቆለፋል። ስፓምም ያጣራል። ነፃው 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ በቀንም ከ150 በላይ መላክ አይቻልም፤ ግን ለአንድ ማኅበር ይህ መች ያንሳል? የዋጋ ድርድር የሚጻፍበት ሳጥን ምስጢሩ ቢጠበቅ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ስለ ማጣሪያው ወጣቶቹ ከኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ የምነግርሽ ስለ ባለቤትነቱ ነው።

ከባልደረቦቼ ጋር ለአንድ የቁጠባ ማኅበር ኢሜይል አውጥተን ነበር። ያወጣልን ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነበር። የማረጋገጫ ስልክ ሲጠየቅ የራሱን ቁጥር አስገባ፣ ፓስወርዱንም ራሱ ፈጥሮ በብጣሽ ወረቀት ሰጠን። ልጁ ከከተማ ወጣ፣ ቁጥሩንም ቀየረ። እኛ ስልክ ቀይረን ለመግባት ስንሞክር ኮዱ የሚላከው ወደማናውቀው ቁጥር ሆነ። የስድስት ዓመት ደብዳቤ እዚያው ተቆልፎ ቀረ። ማንንም አልከስም፤ እኛው ሳንጠይቅ የተቀበልነው ነው። አንቺ ግን በራስሽ እጅ አውጪው፣ ቁጥሩንም አንቺው አስገቢ።

ሌላው፣ ኔትወርክ ስለ መጥፋቱ ያነሳሽው ትልቅ ነገር ነው። ነፃ ኢሜይል ሳይከፈት ከቆየ ይሰረዛል። ጉግል ሁለት ዓመት ይታገሣል። ያሁ 12 ወር ነው። ፕሮቶንም ነፃውን አንድ ዓመት ካልተገባበት ሊሰርዝ ይችላል። ቱታ የሚባለው የጀርመኑ፣ እሱም ምስጢር ጠባቂ ነው ብለው የሚያመሰግኑት፣ ነፃውን በስድስት ወር ይዘጋል። የዳንግላው ልጄ ስለ ምስጢር ያለው እውነት ነው፤ እኛ አገር ሆኖ ለሚጠይቅ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የማየው ይህን የትዕግሥት ዘመን ነው።

ፓስወርድ ብቻ አይበቃም፤ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሪው። ጉግል በመጠባበቂያነት አሥር ኮዶች ይሰጥሻል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። በወረቀት አትሚና ከማኅበሩ ማኅተም ጋር ይቆለፍ። የኤስኤምኤስ ኮድ በማይደርስበት ቀን ያ ወረቀት ያስገባሻል።

መልስ፣ ከዳንግላ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ 12 ወሩ አላሰብኩም ነበር። እንግዲያው ለዋናው አድራሻ ጂሜል ይሁን፣ ፕሮቶኑን የራሴን እይዛለሁ።

መልስ፣ ከሞጣ

እህቴ፣ የኔ አጭር ነው። ሁለት አድራሻ አውጪ። አንዱ ለገዢና ለባንክ ብቻ፤ ሌላው ለባዛር ምዝገባ፣ ለሥልጠና ፎርም፣ ለየድረ ገጹ። ማሸጊያው ላይ የሚታተመውም ይኸኛው ሁለተኛው ይሁን፤ የማያውቅሽ አዲስ ገዢ ሊጽፍበት ስለሚችል ግን ከስልክሽ አታውጪው። ጤፍ በሰፌድ ከመበጠሩ በፊት አውድማው ራሱ ንጹሕ ከሆነ ድካሙ ግማሽ ነው።

በሴቲንጉ ውስጥ ፎቶ ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቅሽ አድርጊ። አንዳንዱ ስፓም ውስጥ ዓይን የማያየው ትንሽ ምስል አለ፤ ደብዳቤውን ስትከፍቺ ምስሉ ከላኪው ሰርቨር ሲወርድ አድራሻው እንደሚሠራ ያውቃል፣ ከዚያ ይብስብሻል። ዳታም ይቆጥባል። ከማታውቂው ሰው በመጣ ደብዳቤ ግርጌ ያለውን «ከዝርዝር አውጣኝ» የሚል ሊንክም አትጫኚ፤ «ስፓም ነው» በይው። ራስሽ የተመዘገብሽበት ከሆነ ብቻ ነው መውጣት።

እግረ መንገዴን ለሌሎችም ልበል፤ እኛ ሰፈር ብዙ ልጅ ተታልሏልና። የዲቪ ዕጣ ወጥቶልሃል፣ ይህን ያህል ብር ላክ የሚል ኢሜይል ውሸት ነው። የዲቪ ውጤት የሚታየው አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ነው።

መልስ፣ ከቡሬ

የእህል ንግድ ላይ ነኝ። ስለ ስፓም ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔን የጎዳኝ ደብዳቤ ስፓም ውስጥ አልገባም፣ ቀጥ ብሎ ኢንቦክስ ነው የገባው።

ከአንድ አቅራቢ ጋር ለወራት እየተጻጻፍን ነበር። አንድ ቀን የባንክ ሒሳብ ቀይረናል፣ ቀሪውን በዚህ አስገባ የሚል መጣ። አጻጻፉ ያው፣ የቀደመው ደብዳቤያችንም ከሥሩ አለ። ሰውየው ኢሜይሉን ተሰርቆ ነበር፤ የጻፈልኝ ሌባው ነው። ከእውነተኛ አድራሻ ስለመጣ ማጣሪያው የሚይዝበት ምክንያት የለውም። ብሩን አስገባሁ። ካስገባሁ በኋላ ነው ስልክ የደወልኩት። አሁን ሥርዓቴ አንድ ነው፤ ስለ ሒሳብ ቁጥር የሚያወራ ደብዳቤ ሲመጣ ድሮ በማውቀው ስልክ ደውዬ ድምፁን ሳልሰማ አንዲት ብር አላንቀሳቅስም። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አይደለም፣ እሱንም ሌባው ነው የሚጽፈው። አንቺም ለገዢዎችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የማኅበራችን ሒሳብ ቁጥር በኢሜይል ብቻ አይቀየርም በያቸው።

ሌላው፣ የናንተም ደብዳቤ ገዢው ዘንድ ስፓም እንዳይገባ አስቢ። ያንኑ ደብዳቤ ለመቶ ሁለት መቶ ሰው በአንዴ አትላኪ። ነፃ ጂሜል በቀን ለ500 ተቀባይ ነው የሚፈቅደው፤ ማጣሪያ ግን ከዚያ በታችም ቢሆን አንድ ዓይነት ጽሑፍ በጅምላ ሲያይ ይጠራጠራል። አባሪውም ከ25 ሜጋባይት አይለፍ። የገዢውን ስም ጠርተሽ፣ ቀደም ብሎ የጠየቀውን አንስተሽ ለየብቻ ጻፊላቸው። በራሳችሁ ስም የሚያልቅ አድራሻ ወደፊት ከፈለጋችሁ ዞሆ የሚባለው የኢሜይል አገልግሎት ለትንሽ ድርጅት ነፃ ነገር አለው፤ ስሙን በየዓመቱ ለመያዝ ግን ስለሚከፈል ለጊዜው እለፊው።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ምክርዎን ለሊቀመንበራችን አነበብኩለት። የቡሬው ወንድሜ፣ የደረሰብህ አንጀቴን በላው፤ የሒሳቡን ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የድሮው አድራሻ ላይ ለሚጽፍ ሁሉ «አዲሱ አድራሻችን ይህ ነው» የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ ባደርገውስ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ለሁሉም እንዳይሆን። ማጣሪያው ደካማ በሆነ ሳጥን ላይ ያን ካበራሽ ለስፓም ላኪውም ሁሉ መልስ ይሄዳል፤ አዲሱን አድራሻ በእጅሽ እንደ መስጠት ነው። ኮንታክት ውስጥ ላሉ ብቻ እንዲመልስ የሚያደርግ አማራጭ ካለው እሱን ተጠቀሚ። ከሌለው ቁጭ ብለሽ የገዢዎቹን ስም አውጪና አንድ በአንድ ጻፊላቸው። የድሮውን ግን አትዝጊው፤ ቢያንስ የሚቀጥለው የኅዳር ማር እስኪያልፍ በሳምንት አንዴ እየከፈትሽ ስፓሙንም እይው። ማሸጊያው ላይ የታተመው እሱ ነውና።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም

ትናንት ማታ ሁለቱንም ጂሜል በራሴ እጅ ከፈትኩ። ፊልተሩን የሠራሁት በወንድሜ ልጅ ላፕቶፕ ነው፤ ከሌላ አድራሻ «ሃኒ» ብዬ ጽፌ ሞከርኩት፣ ኢንቦክስ ገባ። ኮዶቹን አትሜያለሁ። የፎቶ ባክአፑንም ዘጋሁ። ለሃያ ሦስት ገዢ ልጽፍ ነው፤ ዛሬ ስድስቱን ጨረስኩ።

የማረጋገጫ ስልኩን ግን ለጊዜው የራሴን አድርጌያለሁ። ከጸሐፊነት ብወርድስ?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ በማኅበሩ ስም ሲም ካርድ ይውጣና ቁጥሩ በሱ ይተካ። ሲሙ ካሽየሩ ዘንድ ይቀመጥ፣ አየር ሰዓት እየተሞላለት ይቆይ፤ ሳይሠራ ከርሞ እንዳይዘጋ። ያንቺን ቁጥር ከማውጣትሽ በፊት በአዲሱ ኮድ እንደሚመጣ ሞክሪው።