ወይራ በየፕሎቱ ካለ የዕፅዋት ማኅበረሰቦችን በምን ልለያቸው?

ወለላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ጎንደር፣ ከ2,050 እስከ 2,750 ሜትር ከፍታ ባለ ደረቅ የተራራ ደን ውስጥ 42 ፕሎት (የናሙና ቦታ) መዝግቤአለሁ። እያንዳንዱ 20 በ20 ሜትር ነው፤ የየዝርያውን ሽፋን የያዝኩት ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ነው። ወይራ በ38ቱ ፕሎቶች አለ፣ በአብዛኞቹም ገናናው እሱ ነው። በ«አር» (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ክላስተር ስሠራ፣ ማለትም የሚመሳሰሉትን ፕሎቶች ስቧድን፣ ዴንድሮግራሙን (የቡድኖቹን የዛፍ ቅርጽ ሥዕል) ከፍ አድርጌ ስቆርጠው 3፣ ዝቅ አድርጌ ስቆርጠው 6 ቡድን ይወጣል። ሁሉንም «የወይራ ማኅበረሰብ» ልበል? ክትክታ የወረሰው ዳገትና ሾላና ዶቅማ ያለበት የወንዝ ዳርስ የት ይገባሉ?

የቆላ ሰው፦
ብዙ አታክብጂው። ለየቡድኑ አይቪአይ (የዝርያዎች የአስፈላጊነት ዋጋ) አስዪ፣ አንደኛ የወጣው ዝርያ ስሙን ይስጠው። አለቀ።

ጋሽ ዝግባ፦
ይሄ ለደኑ መዋቅር ይሠራል፤ ቡድንን ከቡድን ለመለየት ግን አይበቃም። አይቪአይ የአንጻራዊ ብዛት፣ የአንጻራዊ ድግግሞሽና የአንጻራዊ የግንድ ስፋት (ግንዱ አግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት) ድምር ነው፤ ጣሪያው 300 ነው። ወለላ ደን ውስጥ በዚህ ስሌት ወይራ በአብዛኞቹ ቡድኖች አንደኛ ስለሚወጣ ብዙዎቹ አንድ ስም ይይዛሉ።

የሚለያቸው ጠቋሚ ዝርያ ነው። የጠቋሚነት ዋጋ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፦ ዝርያው ለዚያ ቡድን ምን ያህል የተለየ ነው፣ በቡድኑ ፕሎቶች ውስጥስ በስንቱ ይገኛል። የወይራ አማካይ ሽፋን በሦስቱ ቡድኖች 7፣ 6 እና 6 ነው እንበል። 7 ለ19 ሲካፈል 0.37 ነው፤ በቡድኑ ፕሎቶች ሁሉ ቢገኝ እንኳ ከ0.37 አያልፍም። ክትክታ ደግሞ በአንዱ ቡድን 6፣ በሌሎቹ 0.5 እና 0.5 ቢሆን 6 ለ7፣ ማለትም 0.86 ይሆናል። በቡድኑ ካሉት 12 ፕሎቶች በ11ዱ ካለ 0.92፤ ብዜቱ 0.79። ወይራ ደኑን ይገዛል እንጂ ድንበር አያሳይም።

ስለዚህ ስሙን ከሁለት አጣምሪው፦ አንዱ በሽፋን ገናና የሆነው፣ ሌላው ጉልህ ጠቋሚ የሆነው። ለምሳሌ «የወይራ–ድግጣ ማኅበረሰብ»። በክትክታው ቡድን ውስጥ ገናናውም ጠቋሚውም ክትክታ ከሆነ ሁለተኛውን ከተከታዩ ጠቋሚ ውሰጂ፤ አጋም ወይም ደደሆ ሊሆን ይችላል።

3 ወይስ 6 የሚለውን ደግሞ በዓይን አትወስኚ። ለእያንዳንዱ አቆራረጥ በ999 ፐርሙቴሽን (ፕሎቶቹን በዘፈቀደ እያደባለቁ መፈተን) የጠቋሚ ዝርያ ትንተና ሥሪ። ፒ ዋጋው (በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት የሚወጣበት ዕድል) ከ0.05 በታች የሆነ አንድም ጠቋሚ ያላገኘ ቡድን በራሱ አይቆምም፤ ከጎረቤቱ ጋር ቀላቅዪው። ሁለት ፕሎት ብቻ ያለው ቡድንም እንዲሁ። ሌላው፣ ዋርድ የተባለው የክላስተር ዘዴ የሚሠራው በዩክሊድ (የቀጥታ መስመር) ርቀት ስለሆነ የብሬይ–ከርቲስን ርቀት (ፕሎቶች በዝርያ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚለካውን) በቀጥታ አትስጪው፤ ስኩዌር ሩቱን ወስደሽ በ«አር» ውስጥ «ዋርድ ዲ2» የሚለውን አማራጭ ተጠቀሚ።

ቀጨሞ፦
ስለ ወንዝ ዳሩ ልጨምር። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ ዕፅዋት አትላስ አገሪቱን በ12 ዋና ዋና የዕፅዋት ዓይነቶች ሲከፍላት የወንዝ ዳር ዕፅዋትን ለብቻው አስቀምጦታል። የአንቺ ዳገት በሙሉ ግን በአንዱ ዓይነት ውስጥ ነው፦ በደረቁ የማይረግፍ የተራራ ደንና የሣር ምድር። አትላሱ የሚያሳየው ሰው ባይነካው ሊኖር የሚችለውን ሽፋን ስለሆነ ክትክታውን እዚያ ላይ አትፈልጊው። ክትክታ ደኑ ከተመነጠረ ወይም አፈሩ ከተሸረሸረ በኋላ የሚመጣ ነው። በማኅበረሰብ ደረጃ ለብቻው ያዢው፣ ግን በየፕሎቱ የጉቶ ቁጥር፣ የከብት መንገድና የልቅ ግጦሽ ደረጃ ከ0 እስከ 3 ካልመዘገብሽ ከፍታ ነው የለየው ወይስ መጥረቢያ፣ ማወቅ አትችዪም።

ወንዝ ዳር 20 በ20 ሜትር ፕሎት ብዙ ጊዜ ግማሹ ደረቅ ዳገት ላይ ይወጣል፤ ሾላና ክትክታ በአንድ መዝገብ የሚገናኙት በዚህ ነው። ወንዙን ተከትሎ 10 በ40 ይሁን፤ ስፋቱ ያው 400 ካሬ ሜትር ነው። የተደባለቁትን ድገሚያቸው፣ ካልተቻለ ከትንተናው አውጪያቸው። የባሕር ዛፍ ተክል የገባበት ፕሎትም ካለ ይውጣ።

ተዳፋቱንስ አስተካክለሻል? 30 ዲግሪ ዳገት ላይ ሜትሩን መሬት አስነክተሽ 20 ከለካሽ እውነተኛው ስፋት 346 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁል የሚለካው ጎን 23.1 ሜትር መሆን ነበረበት፤ 20ን ለተዳፋቱ ኮሳይን ማካፈል ነው።

ወለላ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀጨሞም አመሰግናለሁ። ተዳፋቱን አስተካክያለሁ። የጠቋሚ ትንተናውን «ኢንዲክስፒሲስ» በሚባለው የ«አር» ፓኬጅ ስሠራ ክትክታ 0.89 መጣ፣ በእጄ ሳሰላው ግን 0.79 ነው። ደግሞ በደብሩ አጠገብ ያሉት ዝቅተኛ ፕሎቶች ጠቋሚያቸው ጥድ ሆነ። ጥድ ከወይራ በላይ ከፍ ብሎ አይደል የሚጠበቀው?

ጋሽ ዝግባ፦
ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። ያ ፓኬጅ የሚያሳየው የብዜቱን ስኩዌር ሩት ነው፤ የ0.79 ስኩዌር ሩት 0.89 ነው። በጽሑፍሽ የትኛውን እንደተጠቀምሽ ግለጪ፣ በሠንጠረዥ አትቀላቅያቸው።

የቆላ ሰው፦
እሺ፣ ስለ ስሙ ተረታሁ። አይቪአይውን ለመዋቅሩ ማስላትሽ ስለማይቀር ግን አንድ ነገር፦ ወይራ ብዙ ጊዜ ዲያሜትር ከሚለካበት ከ1.3 ሜትር ከፍታ በታች ወደ ብዙ ግንድ ይከፈላል። እያንዳንዱን ግንድ ለብቻው ለኪ፣ የምትደምሪው የግንድ ስፋቱን እንጂ ዲያሜትሩን አይደለም። ሁለት 20 ሳንቲሜትር ግንዶች አብረው 0.063 ካሬ ሜትር ናቸው፤ 40 ብለሽ ብትደምሪያቸው 0.126 ይሆናል፣ ልክ እጥፍ። የወይራ ገናናነት በዚህ ስህተት ብቻ ተጋኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ቀጨሞ፦
ጥዱን ሄደሽ እይው። ጥድ ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ከወይራ ጋር ይኖራል፣ ስለዚህ ከፍታው ብቻውን አያስጠረጥርም። የሚያስጠረጥረው ደብር አጠገብ መሆኑ ነው፤ እዚያ የፈረንጅ ጥድ ይተከላል፣ መዝገብ ላይ ግን ሁለቱም «ጥድ» ተብለው ይገባሉ። የሐበሻው ጥድ፣ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ፍሬው ለስላሳ፣ ትንሽና ሰማያዊ ጥቁር ነው፤ ፍሬውም የሚገኘው በአብዛኛው በሴቴው ዛፍ ላይ ብቻ ነው። የፈረንጁ፣ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ፣ ፍሬው ደረቅ እንጨት ሆኖ በቅርፊት በቅርፊት የሚከፈት ነው፤ ከዛፉ ሥርም አይጠፋም። በረድፍ ከቆመማ ጥርጥር የለውም። ሰው የተከለው ከሆነ ዝርያውን ከማትሪክሱ (ከፕሎትና ዝርያ ሠንጠረዡ) አውጥተሽ ክላስተሩን እንደገና አስኪጂ፤ ያ ቡድን ወደ ወይራው የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

«ግራር»ና «አጣጥ» ብለሽ የመዘገብሻቸውም እንደዚሁ ናቸው፤ በአንድ ስም ብዙ ዝርያ አለ። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠፍጥፈሽ፣ የፕሎቱን ቁጥርና ከፍታውን ጽፈሽበት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ጋር አስተያዪው። ጋዜጣውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ቀይሪ፤ አለዚያ ይሻግታል።