ትሬሃሎስ ስንጨምር ኤልሲ3-2 ከፍ አለ፤ ኦቶፋጂው ተፋጠነ ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትሬሃሎስ የተባለው ስኳር ኦቶፋጂን (ህዋስ የራሱን ያረጁ ክፍሎች የሚፈጭበትን ሂደት) ያፋጥን እንደሆነ እየፈተንን ነው። ከባተን በሽታ (በሲኤልኤን3 ጂን ጉድለት የሚመጣ፣ በህዋስ ውስጥ ቆሻሻ የሚከማችበት የልጆች ሕመም) ታማሚ ቆዳ የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶችን (የቆዳ ተያያዥ ህዋሶችን) 100 ሚሊሞላር ትሬሃሎስ ባለው ሚዲየም (ህዋሶቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ) ለ24 ሰዓት አቆይተን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) ስናይ ኤልሲ3-2 (ኦቶፋጎሶም የሚፈጨውን የሚጠቀልል ከረጢት ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ይለጠፋል) በግልጽ ጨምሯል፤ ፒ62 (የሚፈጨውን ይዞ አብሮ የሚፈጭ ፕሮቲን) ግን አልቀነሰም። ለማነጻጸሪያ በያዝነው 100 ሚሊሞላር ሱክሮስም ኤልሲ3-2 ትንሽ ከፍ ብሏል። ምን ልበል?

መልስ 1፦
ገና ምንም አይበሉ። ኤልሲ3-2 ኦቶፋጎሶሞች በብዛት ሲሠሩም ይጨምራል፣ ተሠርተው ላይሶዞም (የህዋሱ መፍጫ ክፍል) ውስጥ ሳይፈጩ ሲቀሩም ይጨምራል። እንደ ባተን ባለ የክምችት በሽታ እክሉ ላይሶዞሙ ጋ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለተኛው ነው። ፒ62ም ብቻውን አይፈርድም፤ ቲኤፍኢቢ (የኦቶፋጂና የላይሶዞም ጂኖችን የሚያነቃ ፕሮቲን) የፒ62ን ጂን ራሱ ስለሚያነቃው መፈጨቱ ቢፋጠንም መጠኑ ላይወርድ ይችላል።

አራት ሳህን ያዘጋጁ፦ ያለ ምንም፣ ትሬሃሎስ ብቻ፣ ባፊሎማይሲን ኤ1 (ላይሶዞም እንዳይፈጭ የሚከለክል ኬሚካል) ብቻ፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ባፊሎማይሲኑ 100 ናኖሞላር ሆኖ ለመጨረሻዎቹ 2 እስከ 4 ሰዓታት ብቻ ይግባ፤ ካደረ ህዋሶቹ ይታመማሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ያሉበት ሳህን ባፊሎማይሲን ብቻ ካለበት ከበለጠ ኦቶፋጎሶም በርግጥ በብዛት እየተሠራ ነው። እኩል ከሆኑ ግን የጨመረው መዘጋቱ ነው። ኤልሲ3-2ን ከአክቲን (መጠኑ ብዙም ከማይለዋወጥ የማነጻጸሪያ ፕሮቲን) ጋር እንጂ ከኤልሲ3-1 (ገና ሽፋኑ ላይ ካልተለጠፈው መልኩ) ጋር አያነጻጽሩ። ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን የሆነ ፒቪዲኤፍ ሜምብሬን (ፕሮቲኑ የሚገለበጥበት ስስ ወረቀት መሰል ነገር) ይሻላል፤ በ0.45ቱ አልፎ ይጠፋል።

መልስ 2፦
ሱክሮሱን ይተዉት። ላይሶዞም ውስጥ የሚሰብረው ኢንዛይም ስለሌለ ህዋሱ ሲውጠው እዚያው ይከማቻል፣ ላይሶዞሙን ያሳብጣል፣ ቲኤፍኢቢንም ወደ ኑክሊየስ ይልካል። ማነጻጸሪያው ራሱ መድኃኒት ሆኗል ማለት ነው! በምትኩ 100 ሚሊሞላር ማኒቶል ይያዙ፤ የኦስሞሲሱን ጫና (ሚዲየሙ ከህዋሱ ውሃ የሚስብበትን ኃይል) ያስተካክልልዎታል።

ሚዛኑንም ይፈትሹ። የትሬሃሎስ ጠርሙሱ ላይ ዳይሃይድሬት ከተባለ ለ50 ሚሊ ሊትር 1.89 ግራም ነው፤ ውሃ የሌለበት ከሆነ 1.71። በ0.22 ማይክሮን ፊልተር ያጥሩት፤ ሙቀት አያስፈልገውም።

ቲኤፍኢቢን በማይክሮስኮፕ ስታዩ ቲኤፍኢቢን ወደ ኑክሊየስ እንደሚልክ የታወቀው ቶሪን 1 (250 ናኖሞላር፣ 1 ሰዓት) የገባበት አንድ ሳህን ይኑራችሁ። ህዋሶቹ ከተጨናነቁና ሚዲየሙ ካረጀ ረሃቡ ብቻውን ቲኤፍኢቢን ኑክሊየስ ያስገባዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 3፦
ይህን የሚያነብ ወላጅ ካለ፦ ትሬሃሎስ በአፍ ሲወሰድ የትንሹ አንጀት ኢንዛይም ትሬሃሌዝ ወደ ሁለት ግሉኮስ ይሰብረዋል፤ በደም ሥር መስጠት የተሞከረውም ለዚሁ ነው። ከአኩሪ አተር የሚገኘው ጄኒስቲንም ሳንፊሊፖ በተባለ ሌላ የክምችት በሽታ አይጦች ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር፤ በቀን በኪሎ 160 ሚሊግራም ለልጆች ተሰጥቶ በቁጥጥር ሲፈተን ግን ለሕመሙ የሚረባ ለውጥ አላመጣም። 100 ሚሊሞላር ማለት በሊትር 34 ግራም ነው። ሳህን ላይ ይቻላል፤ ደም ውስጥ ግን አይታሰብም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ባፊሎማይሲን ከሌለ ክሎሮኪን ይሆናል?

መልስ 1፦
ይሆናል፤ 50 ማይክሮሞላር፣ ለ4 ሰዓት። ሁለቱን ግን በአንድ ሙከራ ውስጥ አያቀያይሩ።