የአኳሪየም ዕቃ ዋጋ ለምን ይህን ያህል ይለያያል?

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? ለ100 ሊትር አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ማሞቂያና ፊልተር (ውሃ ማጣሪያ) ልገዛ ነው። ሁለት ማሞቂያ አየሁ፣ ሁለቱም 100 ዋት ናቸው፣ አንዱ ግን የሌላውን ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ለስሙ ነው የምከፍለው?

መልስ፦
አይደለም፣ በተለይ ማሞቂያ ላይ። ልዩነቱ ያለው ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ላይ ነው። ብዙዎቹ ርካሾች ውስጥ የምትገናኝና የምትለያይ ትንሽ ብረት አለች፤ በበራና በጠፋ ቁጥር በብልጭታ እየተቃጠለች አንድ ቀን ተጣብቃ ትቀራለች፣ ከዚያ ማሞቂያው አይጠፋም። የኔ ሌሊት ተጣብቆ ጠዋት ውሃው 34 ዲግሪ ደርሶ አገኘሁት። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሞቱብኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

መልስ፦
ፊልተር ስትገዛ መለዋወጫ እንዳለው ጠይቅ። ጥሩው ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ጎማም ውሃ የምትገፋው ማራገቢያም ለብቻ ይገኛሉ፤ ርካሹ ላይ አንድ ጎማ ሲደርቅ ሙሉውን ትጥላለህ። ሞተሩ ለረጅም ሰዓት ከቆመ ደግሞ ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩት፣ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው ያልቃሉ።

መልስ፦
ሁሉም ርካሽ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ ትንንሾቹን ዓሦች የማሳድገው በሱ ነው። እዚያ ቆጥብና ማሞቂያው ላይ ጨምር። ቴርሞሜትርም ለብቻው ግዛ።