ስድስቱም አበባ አንድ ዓይነት እንዲወጣ ጨርቁን እንዴት ልቁረጠው?

መርፌና ክር፣ ሊድስ
ሰላም እህቶች። ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጭ ጨርቅ ወረቀት ላይ እያጠፍኩ በእጄ የምሰፋው የአልጋ ልብስ ጀምሬያለሁ። የወረቀቱ አንድ ጎን 1 ኢንች ነው። አሁን ደግሞ ጽጌረዳና ወፍ የታተመበት ጥጥ አገኘሁና 1 ሜትር ተኩል ገዛሁ። መሃል ላይ ወፏ፣ ዙሪያዋን ያችው አንድ ጽጌረዳ ስድስት ጊዜ፣ እንቡጧ ሁሌ ወደ ወፏ ዞሮ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ይበቃኛል? ደግሞስ አበባውን ተከትዬ ስቆርጥ ጨርቁ በሰያፍ ይመጣል፤ አይለጠጥብኝም? ልብስ ስፌት ስማር ሰያፍን እንድንፈራ ነው የተነገረን።

ጥልፍ ወዳጅ
ሜትሩን ተዪውና ድግግሞሹን ቁጠሪ። አንዷ ጽጌረዳ ላይ ጣትሽን አድርጊና ራሷ ከነቅጠሏ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ ለኪ፤ ቁመቱንም ወርዱንም። በቁመት ሁለቴ፣ በወርድ ሦስቴ ከመጣች ስድስቱ ሞላልሽ። ድግግሞሹ ሰፊ ከሆነ ግን 1 ሜትር ተኩል ለአንድ ባለ ስድስት ጽጌረዳ ዙር እንኳ ላይበቃ ይችላል።

የድሮ መቀስ፣ ሜሪላንድ
ልጄ፣ ማለፊያ ጥያቄ ነው። ሰያፉ አያስጨንቅሽ። እዚህ ስፌት ላይ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ወረቀቱ ነው። ብቻ ስድስቱም ጎን ከጎረቤቱ ጋር ተዘምዝሞ ሳያልቅ ወረቀቱን አታውጪ። ካውያውንም ጫን እያደረግሽ አንሺው እንጂ አትጎትቺው።

ዋናው ነገር ፓተርኑ ነው፤ ጨርቁ ላይ አስቀምጠሽ የምትቆርጪበት ልክ ማለቴ ነው። በሚያሳይ ፕላስቲክ ሥሪው። መጀመሪያ ስድስት ጎኑን አስምሪ፣ ከዚያ ዙሪያውን 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ጨምረሽ ቁረጪ። የመጀመሪያዋ ጽጌረዳ ላይ አስቀምጪና የእንቡጡን ጫፍ፣ ግንዱን፣ አንድ ቅጠል በእርሳስ ፕላስቲኩ ላይ ሳዪ። ለሁለተኛዋ መስመሮቹ ልክ እስኪገጥሙ ታንቀሳቅሽዋለሽ። ዓይን ብቻውን ያታልላል፤ በ2 ሚሊ ሜትር የሳተች አበባ ስድስቱ ሲገጣጠሙ ወዲያው ታስታውቃለች።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በዙሪያ ያሉት ስድስቱ መሃለኛዋን የሚነኩት በጎናቸው ነው፣ በማዕዘናቸው አይደለም። ስለዚህ እንቡጡ ወደ አንዱ ጎን መሃል ይዙር። ወደ ማዕዘን ከዞረ ወፏን አያያትም፣ አጠገቧ ያልፋል።

መጠኑንም እዪ። ባለ 1 ኢንቹ ከጎን እስከ ጎን 4.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጽጌረዳዋ ከዚያ ከበለጠች ሙሉዋን አትፈልጊያት። የአበባውን ሩብና አንድ ቅጠል ውሰጂ። ስድስቱ ሲገናኙ ጨርቁ ላይ ያልነበረ ቀለበት ይወጣል። እኔ ይሄን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው፤ ሙሉ አበባ ከመድገም በጣም ይበልጣል።

ሰማያዊ ጥለት
ለትንሽ ቁራጭ ደቃቅ ህትመት ይሻላል። ሊበርቲ የሚባለውን የለንደን ጨርቅ ቤት ጣና ሎን ሞክሪው፤ ስሙ ከእኛው ጣና ሐይቅ የመጣ ስስ ጥጥ ነው፣ እጥፉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ደግሞ እንግሊዝ ስላለሽ ካምብሪጅሸር ሄምንግፎርድ ግሬይ ውስጥ ያለውን ማነር ቤት እዪው። የደራሲዋና የቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፊዋ የሉሲ ቦስተን የስፌት ሥራዎች እዚያ ናቸው። 1892 ተወልዳ 1990 ያረፈች ሴት ናት። ረዘም ባሉ ባለ ስድስት ጎኖች መስቀል የሠራችበትን ስታዪ፣ ጨርቅን መርጦ መቁረጥ ምን ድረስ እንደሚሄድ ይገባሻል።

መርፌና ክር፣ ሊድስ
እትዬ የድሮ መቀስ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ለካሁት። በቁመት 32 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አራቴ ይመጣል፤ በወርድ ሁለቴ። ስምንት ጽጌረዳ አለኝ ማለት ነው! ግን ጨርቁ ተበሳስቶ ሲቀር አሳዘነኝ። ከመሃል የሚተርፈውን ምን ላድርገው?

የድሮ መቀስ፣ ሜሪላንድ
ከስድስቱ ውጭ ያለው ሁለተኛ ዙር 12 ቁራጭ ይፈልጋል። በአበቦቹ መካከል ያለውን አረንጓዴና ባዶ መደብ ለእሱ አውጪው፤ እዚያ ላይ መምረጥ አያስፈልግሽም። ትርፏን ሁለት ጽጌረዳ ግን አትንኪያት፣ አንዷ ስትሰፊ ብትበላሽ ምትክ ትሆንሻለች።