ተማሪዎቻችን የመሐንዲስን ሥራ እንዲረዱ ምን ብናሳያቸው ይሻላል?

የፊዚክስ መምህር፦
ድሬዳዋ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስለ መሐንዲስ ሥራ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «ሕንፃ ማሠራት ነው» ይሉኛል፤ ወላጆቻቸውም ቢሆኑ የማዕረጉን ክብር እንጂ የሥራውን ምንነት የሚያውቁ አይመስለኝም። የሙያ ቀን ልናዘጋጅ ስላሰብን፣ ንግግር ከምናበዛ ምን ብናሳያቸው ይሻላል ትላላችሁ?

ሲቪል መሐንዲስ፦
መምህር፣ ከራሷ ከከተማዋ ይጀምሩ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር መሥመር ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ከዚህ እስከ ሐረር ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ በመሆኑና በተራራው ላይ ሐዲድ መዘርጋት ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ መሥመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ባቡር ዳገት ለምን እንደሚከብደው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፤ በብረት ሐዲድና በብረት ጎማ መካከል ያለው ሰበቃ (የመፋተግ ኃይል) አነስተኛ መሆኑ ከባድ ጭነት በትንሽ ጉልበት ለመጎተት ያስችላል፣ ዳገት ላይ ግን ያው ጥቅም ተገልብጦ ጎማውን ያንሸራትተዋል። ሰበቃን እርስዎ ያስተምሯቸዋል፤ ሰበቃውን፣ ወጪውንና የመሬቱን አቀማመጥ አመዛዝኖ መሥመር መምረጥ ግን ምህንድስና መሆኑን ያን ጊዜ ይረዱታል።

የመጋላ ነዋሪ፦
በባቡሩ እስማማለሁ፤ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ግን መዘለል የለበትም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለው ጥያቄ፣ ከተፋሰሱ ስፋትና ከዝናቡ መጠን በተጨማሪ ስንት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ጎርፍ እንዘጋጅ የሚል ውሳኔም አለበት፤ ከዚያ የባሰ ከመጣ ግንቡ አያስጥልም። ሕዝቡ ይህን ቢረዳ ግንብ አለ ብሎ ወንዙ ዳር ቤት ባልሠራ ነበር።

ጡረተኛ የባቡር መካኒክ፦
ልጆቼ፣ መሐንዲሱን ብቻ አታቅርቡ። በዎርክሾፓችን መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ ሞተር ሲበላሽ ዕቃውን በቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ቀርጾ የሚያስነሣው ባለሙያ ነበር፤ ንድፍና እጅ ተለያይተው ከታዩ ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል።

የፊዚክስ መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት የሰበቃውን ስሌት በክፍል ሠርተን፣ ከሰዓት ደቻቱ ዳር እንወስዳቸዋለን። ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎም መጥተው የቶርኖውን ሥራ ቢያስረዱልን ደስ ይለናል። በጎርፍ መከላከል ሥራ ላይ የተሰማራ መሐንዲስ በመካከላችሁ ካለ በግል መልእክት ይጻፍልኝ።