ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሐዋሳ ውስጥ አቅማችንን የሚመጥን መዋዕለ ሕፃናት የት እናገኛለን?

የታቦሯ እናት (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አስቸኳይ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ባለፈው ዓመት የተማረበት የግል መዋዕለ ሕፃናት ወርኃዊ ክፍያውን ከ1,500 ወደ 2,900 ብር ማሳደጉን ያስታወቀን ዛሬ ጳጉሜን 1 ቀን ነው። እስከ ዓርብ ድረስ የመመዝገቢያውንና የሦስት ወሩን አጠቃልለን ካልከፈልን ቦታው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ከክፍያው በተጨማሪ እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ስድስት ጥቅል ሶፍት፣ ሁለት ፈሳሽ ሳሙና፣ ክራዮንና አዲስ የደንብ ልብስ ማቅረብ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ የሚሠራው ከከተማ ውጭ ስለሆነ ልጁን የማደርሰውም የምመልሰውም እኔ ነኝ። በአካባቢዬ ያሉት ሌሎች መዋዕለ ሕፃናት ወይ ሞልተዋል፣ ወይ ከዚህ የባሰ ያስከፍላሉ። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ በቅርብዎ ወዳለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሂዱ። ብዙዎቹ በግቢያቸው ውስጥ የቅድመ አንደኛ ክፍል ስላላቸው ለብቻው የቆመ መዋዕለ ሕፃናት ብቻ መፈለግ አይኖርብዎትም። የእኔ ሁለተኛ ልጅ የተማረችው እንደዚያ ነው፤ የከፈልነው አነስተኛ መዋጮ ብቻ ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የነዋሪነት መታወቂያዎን ይዘው በጠዋት ይድረሱ፤ ምዝገባው በረፋዱ ሊዘጋ ይችላል።

መምህር ከመናኸሪያ፦ የልጁን ዕድሜ አልገለጹም፤ መልሱ ግን የሚወሰነው በእርሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ሁለት ዓመት አድርጎ ከአምስት ዓመት ዕድሜ ያስጀምረዋል፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አልቀበልም ቢል አይደነቁ።

ሌላም ልጨምር። ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤትን የሚመዝነው ልጁ ይዞት በሚመጣው የቤት ሥራና በሚቆጥራቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ብዛት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ እያሳዩ ዋጋ ይጨምራሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚማረው በጨዋታ፣ በተረት፣ በመዝሙርና በአሸዋ ነው። ጣቱ እርሳስ ለመያዝ ሳይጠነክር ገጽ ሙሉ ፊደል እንዲገለብጥ የሚያስገድድ ቤት ውድ ስለሆነ ብቻ የተሻለ አይሆንም።

የታቦሯ እናት (ጠያቂ)፦ አመሰግናለሁ መምህር። ልጁ በታኅሣሥ አራት ዓመት ይሞላዋል። የቤት ሥራም እንግሊዝኛም አላልኩም፤ የምፈልገው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ንጹሕና ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ እንዲውልልኝ ነው።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦ እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልግዎት ትምህርት ቤት አይደለም። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ በወር ሦስት ሺህ ብር ከመክፈል ሞግዚት ቀጥሮ ቤት ማዋል ይሻላል። እኛ ሁላችን መዋዕለ ሕፃናት ሳንገባ ነው ያደግነው።

የታቦሯ እናት (ጠያቂ)፦ እርስዎ ሲያድጉ ቤት ውስጥ አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ትኖር ይሆናል። እኔ የምኖረው ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው፤ ዘመድም በአቅራቢያዬ የለኝም። የሞግዚት ደመወዝ፣ ምግብና መኝታ ሲደመር ከ2,900 ብር ይበልጣል። ሳላውቃት ከቀጠርኳት ሞግዚት ጋር ልጄን ቀኑን ሙሉ ትቼ ለመሄድም ልቤ አይፈቅድም።

ባለ ባጃጁ አባት፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሞክሩ፤ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ይያዙ።

እማማ ከአሮጌው ገበያ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። በየአጥቢያው ሕፃናትን የሚያስተምሩ የቄስ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሙስሊም ከሆንሽም በመስጊዱ ጠይቂ። ክፍያቸው ቀላል ነው፤ ልጁም ፊደሉንና ሥርዓቱን ይማራል። ነገር ግን ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ አያውሉም፤ ከሰዓት የሚረከበው ሰው ካላገኘሽ አይሆንልሽም።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ የመንግሥት ሠራተኛ መሆንዎን ስላነሱ አንድ ነገር ልጠቁም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ይደነግግ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ ስለተተካ አሁን የሚሠራበትን ያጣሩ። የሚሠሩት በክልሉ ወይም በከተማው አስተዳደር ሥር ከሆነ የሚመለከትዎት የክልሉ ሕግ ነው፤ የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ። ማቆያዎቹ ይበልጥ የታሰቡት ለጨቅላዎች ስለሆነ የዕድሜ ገደባቸውንም ያጣሩ። በቢሮዎ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው እናቶች ካሉ አብራችሁ ብትፈርሙ ጥያቄው ይበልጥ ይደመጣል።

የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወላጅ፦ አምና ተመሳሳይ ነገር ገጥሞን ነበር። ብቻዬን የተናገርኩት ሁሉ ሰሚ አጥቶ ነበር፤ ከልጄ ክፍል የተወሰንን ወላጆች ተሰባስበን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ስንጠይቅ ግን የሦስት ወሩን ክፍያ በየወሩ እንድንከፍል ተፈቀደልን፤ የዕቃውም ዝርዝር አጠረ። እርስዎም ዝርዝሩን ይጠይቁ፦ ክፍሉ ሠላሳ ልጆች ካሉት ስድስት ስድስት ጥቅል ሶፍት 180 ጥቅል ይሆናል፤ ሕፃናቱ በእርግጥ ይህን ያህል ይጨርሱ እንደሆነ ማስረዳት ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው። ጭማሪው በስንት ወላጅ ፊትና መቼ እንደተወሰነ ቃለ ጉባኤውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ካልሆነም ጉዳዩን ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ በዚያው ፈቃድ ያላቸውን መዋዕለ ሕፃናት ዝርዝር መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በር ለበር ከመዞር ያድናችኋል።

ርካሽ ቦታ ሲያገኙ ደግሞ ሳይከፍሉ በፊት ሽንት ቤቱን ይዩ። እኔ ያየሁት አንዱ ቤት ግድግዳው በካርቱን ሥዕል ያሸበረቀ ሆኖ የሽንት ቤቱ ቀዳዳ ግን ለአዋቂ የተሠራ፣ የሮቶው ቧንቧም ሕፃን እጅ የማይደርስበት ነበር። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ፣ በር ላይ ልጁን ለማን እንደሚያስረክቡ፣ የሚያስተምሩበትንም ቋንቋ ይጠይቁ። ሩቅ ከሆነ የኮንትራት ባጃጁን ወጪ ከወርኃዊ ክፍያው ጋር ደምረው ያወዳድሩ፤ በክፍያው ያተረፉት በመጓጓዣው ሊሄድ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ከሰዓት የሚረከበው ከጠፋ በግቢያችሁ ያሉ እናቶችን ጠይቂያቸው። እኛ ለአራት ልጆች አንዲት የምናውቃት ጎረቤት ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንድትጠብቅልን ተስማምተን ክፍያዋን ተካፍለናል፤ ምሳቸውን ከየቤታቸው በሳህን እንልካለን።

አዲስ ከተማ ነኝ፦ የእኔም ልጅ እዚያው ሳይሆን አይቀርም፤ ዝርዝሩ ቃል በቃል አንድ ነው። ደብዳቤውን ጽፈዋል? እስከ ዓርብ ከሆነ ነገ ጠዋት በሩ ላይ እገኛለሁ፤ ሌሎች ሁለት ወላጆችም ለመፈረም ፈቃደኞች ናቸው።